ትንፋሹ ለምን ፈጠነ? ላክቲክ አሲድ ደም ውስጥ ሲጠራቀም

ቤዛዊትን በሳይክል የወጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጭን ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል፣ ከዚያ እግር እምቢ ይላል። ላይ ደርሶ አባይን ቁልቁል እያየ የሚያለከልክ ወጣት «ላክቲክ አሲድ ሞላብኝ» ቢል የተለመደ ነው። የጂሙም የኳስ ሜዳውም ወሬ ይኸው ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅተውም የሚከሰሰው ያው ላክቲክ አሲድ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ግን ስሙ ሲነሳ ነገሩ ሌላ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ላክቴቱ 8 ደርሷል» ከተባለ (ላክቴት ማለት ላክቲክ አሲድ ደም ውስጥ የሚይዘው መልክ ነው) ሐኪሙም ነርሷም ቁጭ አይሉም። ይህ ጽሑፍ ስለዚህኛው ነው። መጀመሪያ ግን የሳይክሉን ልጅ እንሸኘው፤ የሱ ጉዳይ ቀላል ነው።

የማግስቱ የጡንቻ ሕመም ከላክቲክ አሲድ የመጣ አይደለም። በስፖርት ጊዜ ደም ውስጥ የጨመረው ላክቴት፣ ስፖርቱ ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደነበረበት ይመለሳል። ሕመሙ ግን የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ምክንያቱ ያልተለመደ ሥራ ጡንቻው ላይ ያደረሰው ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ብግነት ነው። ክሱ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍና እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል በጡንቻ ላይ በሠሩት ምርምር እ.ኤ.አ. የ1922ን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በዚያ ዘመን ምርምሩ የሚካሄደው በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ነበር። ከአካል የተለየ ጡንቻ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማል፤ ይደክማልም። ሁለቱ አብረው ስለታዩ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ተባለ። ወሬው ጂም ቤት ደረሰና እዚያው ቀረ።

እንዲያውም ላክቴት ነዳጅ ነው። ልብ ያቃጥለዋል፣ አንጎልም ይጠቀምበታል። ጉበት ደግሞ መልሶ ስኳር ያደርገዋል። ይህን ከጡንቻ ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ጡንቻ የሚደረግ ምልልስ የገለጡት ባልና ሚስቱ ካርልና ገርቲ ኮሪ ናቸው፤ እነሱም እ.ኤ.አ. በ1947 ኖቤል አግኝተዋል። (ላክቲክ አሲድና ላክቴት እያልኩ የማቀያይረው ደም ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በላክቴት መልክ ስለሚገኝ ነው። ላቦራቶሪም የሚለካው እሱን ነው።)

ታዲያ ነዳጅ ከሆነ ሐኪሙን ምን አስደነገጠው?

ሴሎቻችን ስኳርን የሚጠቀሙት በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ግሉኮስ ተሰብሮ ፓይሩቬት የሚባል ነገር ይሆናል። ይህ ደረጃ ኦክስጅን አይፈልግም፤ የሚያስገኘው ኃይል ግን ትንሽ ነው፤ ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ (የሴል የኃይል ሳንቲም በሉት) ብቻ። ከዚያ ፓይሩቬቱ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴሉ የኃይል ማመንጫ ውስጥ ይገባና በኦክስጅን ይቃጠላል። ያኔ ጠቅላላው ወደ 30 ከፍ ይላል። ኦክስጅን ካልደረሰ፣ ወይም ማይቶኮንድሪያው ከታመመ፣ ፓይሩቬት መግቢያ ያጣል። ሴሉ ደግሞ ያለ ኃይል መቆየት አይችልም። ስለዚህ ፓይሩቬቱን ወደ ላክቴት እየቀየረ በ2ቷ ኤቲፒ ይንገታገታል። ላክቴት መርዝ ሆኖ አይደለም የሚመረተው። ሴሉ ተቸግሮ ነው።

በደህናው ቀንም ቢሆን ላክቴት ሳይመረት አይውልም። ቀይ የደም ሴሎች ማይቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ሥራቸው ሁሉ በዚህ መንገድ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን እስከ 1,500 ሚሊሞል ገደማ ያመርታል። ያም ሆኖ ደሙ ቢለካ በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ነው የሚገኘው፤ ምክንያቱም ጉበት አብዛኛውን፣ ኩላሊትም ድርሻውን እየወሰዱ ያነሱታል።

ባሕር ዳር ላለ ሰው ይህን ለማስረዳት ጣና ይበቃል። ሐይቁ ከፍ ካለ ምክንያቱ ሁለት ነው። ወይ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው እየገቡ ነው፤ ወይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ ግድብ ላይ መውጫው ጠብቧል። ውሃው ዳር ቆሞ ከፍታውን የሚለካ ሰው ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አያይም። የደም ላክቴትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ 4 ካለፈና የደሙ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ7.35 በታች ከወረደ ሐኪሞች ላክቲክ አሲዶሲስ ይሉታል። ይህ ግን የበሽታው ስም አይደለም ማለት ይቻላል። ከየት ሞላ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ከገባሪዎቹ እንጀምር። ትልቁ ምክንያት ደም ለአካል ክፍሎች በበቂ ሁኔታ አለመድረሱ ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው፣ ልቡ መግፋት ያቃተው፣ ተቅማጥና ትውከት ውሃውን ጨርሶ ያሟጠጠው። በተለይ ደግሞ ሴፕሲስ፤ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናውጥ ማለት ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ዮሐን ሼረር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1843 ከወሊድ በኋላ በመጣ ትኩሳት የሞቱ እናቶች ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ አግኝቷል። ዛሬም ሴፕሲስ የተጠረጠረበት ሰው መጀመሪያ ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ ላክቴት ነው።

ከሰልም እዚህ ይገባል። ቡና ተፈልቶ ያለቀበት ምድጃ ክረምት ላይ ለሙቀት ተብሎ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው አየር እየሳበ ሴሎቹ ግን ታፍነዋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን አይለየውም። 98 ብሎ ሊያጽናና ይችላል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከሰል ነበረ ብሎ ለሐኪሙ መናገር ከመሣሪያው ይበልጣል።

አሁን ወደ ወባ። ይህን ያለ ዝርዝር ማለፍ አልፈልግም፤ የኛ አገር ጉዳይ ነውና።

ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ክረምቱ ሲወጣ የቆመው ውሃ ወባን ያመጣል። ዋናው ጊዜ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ብዙው ሰው በጊዜ ተመርምሮ የወባ ኪኒኑን ኮአርተምን ጨርሶ ይድናል። ፋልሲፋረም የሚባለው ዝርያ ሲከፋ ግን ላክቴትን በአራት በኩል ይሞላዋል። ጥገኛው የገባበት ቀይ የደም ሴል ተጣባቂ ይሆንና ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አካል ኦክስጅን ይቀንስበታል። ጥገኛው ራሱም ስኳር በላተኛ ነው፤ የበላውን ግሉኮስ አብዛኛውን ላክቴት አድርጎ ይለቀዋል። ቀይ ሴሎችን እያፈነዳ ስለሚወጣ ደም ማነስ ይከተላል። ጉበትና ኩላሊትም ይጎዱና የማንሳት ሥራቸው ይደክማል። ገባሩም ሞላ፣ መውጫውም ጠበበ። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ወባ ያለበት ሰው ላክቴቱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርበትም፣ ጽኑ ወባ ነው የሚባለው። የአንጎል ወባን ሁሉም ይፈራል። አሲዱ ግን ብዙ ጊዜ ስም ሳይሰጠው ያልፋል፤ ሞትን በመተንበይ በኩል ከሱ የማያንስ ሆኖ ሳለ።

ቤት ውስጥ ላክቴት መለኪያ የለም። የሚታየው ትንፋሽ ነው።

ደም አሲድ ሲበዛበት አካል ቶሎ ሊያወጣው የሚችለው ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሲዱ ደም ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሳንባ ያባርረዋል። ስለዚህ በሽተኛው በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ሕፃን ላይ ልብ ብላችሁ እዩት። የአፍንጫው ቀዳዳ በየትንፋሹ ይከፈታል። ሆዱና ደረቱ በኃይል ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ጡት ይይዝና ወዲያው ይለቃል፤ ለመዋጥ የሚሆን ጊዜ የለውም። እናቲቱ «ምች መታው» ወይም «ሳንባ ምች ነው» ትላለች፤ አትፈረድም፣ ይመስላል። ሳል ግን ላይኖር ይችላል። ጤና ባለሙያው በማዳመጫ ሲሰማው ሳንባው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የጣቱም መለኪያ 97 ሊያሳይ ይችላል። አየር አልጠበበውም። አሲድ እየተነፈሰ ነው።

ትኩሳት ያለበት ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ፣ «እስኪነጋ እንየው» የሚባል ነገር አይሠራም። ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር ለመድረስ ጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ከዘጌም፣ ከሩቅ ቀበሌም መንገዱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርብ ያለውን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መርገጥ ይሻላል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሪፈር ከመደረጉ በፊት በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት አለ። መንገድ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ይገዛል። እሱ ግን ሕክምናው አይደለም፤ መሸጋገሪያ ነው። የአርቴሱኔት መርፌውና ክትትሉ ያለበት ቦታ መድረስ ግድ ነው።

የጎልማሳው ምልክት ያን ያህል ግልጽ አይደለም። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ አቅም ማጣት፣ ከዚያ ፈጣን ትንፋሽ፣ ከዚያ መቀባዠር። መጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንም «የበላሁት አልተስማማኝም» ብሎ ያልፋቸዋል።

ይህን ማለፍ የሌለባቸው ደግሞ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ላስደነግጣችሁ አልፈልግም። ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ነው፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የስኳር ሕሙማን የሚኖሩበት ነው። ላክቲክ አሲዶሲስ በሱ ተጠቃሚዎች ላይ የሚታየው በዓመት ከ100,000 ሰው ከ10 ባነሱት ላይ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ስሙን ያጠፋው የሥጋ ዘመዱ ፌንፎርሚን ነው፤ እሱ በዚሁ ጠንቅ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ሜትፎርሚን የሚከብደው ኩላሊት ሲደክም ነው። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ስለሆነ፣ ካልወጣ ይጠራቀማል፤ ጉበት ላክቴትን ወደ ስኳር እንዳይመልስ ይይዘዋል። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ከወረደ መድኃኒቱ መቆም አለበት።

እንበልና አባት የስኳር መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚወስዱ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተው ሰነበቱበት። ይህ ኩላሊትን ይጫናል። ከዚያ ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው፤ ውሃም አልረጋላቸው አለ። ልጃቸው በደጉ ቀን እንደምትለው «አባዬ፣ መድኃኒቱ ተወሰደ?» ትላለች። እሳቸውም ይውጣሉ። ቅንነት ነው፤ ግን እንዲህ ባለ ቀን ሜትፎርሚኑን ለጊዜው ማቆም ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ አለበት። ኢንሱሊን ግን ሌላ ነው፤ በራስ ውሳኔ አይቆምም። ኩላሊታችሁ መቼ እንደተመረመረ የማታስታውሱ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይታዘዝልኝ» ማለት አያሳፍርም።

መድኃኒት ካነሳን ስታቩዲንን መዝለል አይቻልም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አገራችን ውስጥ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ብዙ ሰው የጀመረው እሱ ባለበት ድብልቅ ነው። ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ማይቶኮንድሪያ ራሱን እንዳያባዛ ይከለክል ነበር። ፊታቸው የከሳ፣ እግራቸውን ያደነዘዛቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ላይ ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሟል፤ በተለይ ሴቶችና ክብደት ያላቸው ላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲወጣ መከረ። ዛሬ በሰፊው የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ነው፤ ይህ ስጋት እሱ ላይ እጅግ አነስተኛ ነው። የድሮውን ወሬ ሰምቶ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ካለ ያለ ምክንያት ነው የሚጎዳው።

አረቄም አለ። አልኮል ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት ይገፋዋል። ምግብ ትቶ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል፤ ያለ እሱ ፓይሩቬት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ መቃጠል አይችልም። ይህኛው ደስ የሚለው ሕክምናው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ታያሚን (ይኸው ቢ1) በመርፌ ከተሰጠ ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ካንሰርም፣ በተለይ የደም ካንሰር፣ ላክቴት ሊያበዛ ይችላል፤ ከማይቶኮንድሪያ ጉድለት ጋር የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር። ናሙናው ስስ ነው። ነርሷ ክንድ አስራ «ጨብጥ፣ ፍታ፣ ጨብጥ» ማለት የለመደችው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ የጨበጠ እጅ ራሱ ላክቴት ያመርታል። ደሙ ከተቀዳ በኋላም ቱቦ ውስጥ ያሉት ቀይ ሴሎች ሥራ አያቆሙም፤ ስኳር እየበሉ ላክቴት ይጨምራሉ። ስለዚህ ፍሎራይድ ባለው ቱቦ ተቀድቶ፣ በረዶ ላይ ሆኖ፣ ቶሎ መድረስ አለበት፤ 15 ደቂቃ ጥሩ ገደብ ነው። ኮሪደር ላይ ሰዓት የቆየ ናሙና ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያደርገዋል። አስታማሚ ናሙና አድርስ ተብሎ ሲላክ መንገድ ላይ ቆሞ ስልክ ባያወራ መልካም ነው።

ሕክምናው ቁጥሩን ማባረር አይደለም፤ ምክንያቱን ማከም ነው። ደም የፈሰሰው ደም ይሰጠዋል፣ መፍሰሱም ይቆማል። ሴፕሲስ ያለበት አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀምራል፣ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ከሰል ያፈነው ንጹሕ ኦክስጅን ያገኛል። ሜትፎርሚን የተጠራቀመበት ኩላሊት እጥበት ሊያስፈልገው ይችላል። ላክቴቱ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይለካል፤ ከ8 ወደ 6 ከወረደ መንገዱ ትክክል ነው፣ ካልወረደ ያልታየ ነገር አለ ማለት ነው።

ፈሳሽ መስጠት ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣው ፊስት የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸው ጽኑ ሕሙማን ሕፃናትን ተከታትሏል፤ ብዙዎቹ ወባ ነበረባቸው። ፈሳሽ በፍጥነትና በብዛት ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት ከ100ው 10 ያህሉ ሞቱ፤ በዝግታ ከተሰጣቸው 7 ያህሉ። ስለዚህ ለልጃችሁ ፈሳሹ በዝግታ ሲንጠባጠብ «ፍጠኑ እንጂ!» ብላችሁ ነርሷን አትጨቅጭቁ።

«አሲድ ከሆነ ሶዳ አይገድለውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባይካርቦኔት ሆስፒታል ውስጥም አለ፤ ግን ፒኤች በጣም ሲወርድ፣ 7.2 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ በተለይ ኩላሊት አብሮ ሲጎዳ ነው የሚታሰበው። ከዚያ በላይ ላለ ሰው ጥቅሙ አልታየም። ቤት ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መጠጣት ጊዜ ማባከን ነው። በሎሚ ውሃ ደምን «አልካላይን» እናደርጋለን የሚሉት የቲክቶክ ሐኪሞች ደግሞ ሳንባና ኩላሊት መኖራቸውን የረሱ ይመስለኛል።

እርጎስ? እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ነው፤ ስዊድናዊው ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1780 መጀመሪያ ያገኘውም ኮምጣጣ ወተት ውስጥ ነው። እርጎ ጠጥቶ ግን ማንም ጤነኛ ሰው ላክቲክ አሲዶሲስ አይዘውም፤ ጉበት በቀን ከሚያነሳው አንጻር ኢምንት ነው። የሚይዛቸው የፎገራ ላሞች ናቸው። ገመዷን በጥሳ እህል የተሰጣበት ገብታ የጠገበች ላም ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እህሉን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይሩታል፤ ትነፋለች፣ ትወድቃለች፣ ልትሞትም ትችላለች።

ሰው ላይ ተመሳሳዩ የሚታየው ትንሹ አንጀት በቀዶ ጥገና በብዛት ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያልተፈጨ ስኳርና ዳቦ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ባክቴሪያዎቹ ዲ የሚባለውን የላክቴት ዓይነት ያመርታሉ። ሰውየው ምግብ በልቶ ትንሽ ቆይቶ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ የሰከረ ይመስላል። የተለመደው የላክቴት ምርመራ ኤል የሚባለውን ብቻ ስለሚለካ ውጤቱ ደህና ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ቤተሰቡ አስቀድሞ መናገር ያለበት የአንጀት ቀዶ ጥገናውን ነው።